እንጨት፣ ወተትና ብረት፤ የካ እንዴት ከተማ ሆነች?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ሁሉ ነፍሳቸውን ይማርልን እያልኩ ወደ ተሰጠኝ ርእስ እገባለሁ።

ዳኛችን «የሰፈራችንን ታሪክ ባጭሩ ንገረን፤ በኋላም ለመጽሔታችን ይሁን» ባሉኝ ጊዜ ደንገጥ ብዬ ነበር። እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ፈጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይሁንና የመዝገብ ቤት ሰው አንድ ልማድ አለው፤ ይኸውም ወረቀት አይጥልም። ያነበብኩትን፣ ከአባቶች የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን በተራ በተራው አቀርብላችኋለሁ። ነገሩ ዛሬ ለውሳኔ ከቀረበልን የደንብ ማሻሻያ ጋራ መጨረሻው ላይ ስለሚገናኝ፣ እስከዚያው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ከተማ ያለ ምክንያት አይቆረቆርም። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ሜዳው ከተማ ሆነ። አቃቂም ባቡሩንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ይዛ አደገች። የኛ የካስ? ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በኛ በኩል አላለፈም። እኛ ሰፈር ባቡር ያየነው ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል የሚያልፈው የከተማ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው። ታዲያ ያለ ባቡር እንዴት ከተማ ሆንን? ቢጠይቁኝ ሦስት ነገር እጠራለሁ፤ እንጨት፣ ወተትና ብረት።

ከእንጨቱ ልጀምር። እንደሚታወቀው ከአዲስ አበባ በፊት እንጦጦ ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ተራራ ላይ ከትመው፣ የእንጦጦ ማርያምን አሠርተው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የደፉት እዚያው ነው። ከሳቸው አስቀድሞም አገሩ ባዶ አልነበረም። ከተራራው ሥር የየካና የጉለሌ ኦሮሞዎች ከብት ያሰማሩበት፣ ያረሱት ምድር ነው። ለገዳዲ ስንል «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን? ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው የካ ዋሻ ሚካኤልም፣ አዲስ አበባ ሳትታሰብ በዚህ ጋራ ላይ የሚያስቡና የሚሠሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ይመሰክራል።

እንጦጦ ግን ለጦር እንጂ ለኑሮ አልተመቸችም። ብርዱ ይበረታል፣ ነፋሱ ያስቸግራል። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደው በ1879 ዓ.ም. ከታች ሜዳው ላይ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ሰዉም ቀስ በቀስ ቁልቁል ወረደ። ነገር ግን ችግሩም አብሮ ወረደ። በዙሪያው የነበረው ዛፍ ለቤቱና ለምድጃው ተቆርጦ አለቀና፣ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራውን አስጀምረው ነበር። ማለትም አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትፈታ ተቃርባ ነበር።

ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ግንዱ ለምሰሶ፣ ቀጭኑ ለማገርና ለወራጅ፣ ቅጠሉ ለምጣድ ሆነ። እስቲ ከዚህ ከተሰበሰብነው ውስጥ የተወለደበት ቤት ግድግዳው ባሕር ዛፍ ያልነበረ እጁን ያውጣ! አያችሁ፣ አንድም ሰው የለም። ዛፉ ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም እውነትነት አለው። ቢሆንም እኛን ያሞቀን እሱ ነው።

ታዲያ ያን ሁሉ እንጨት ከተራራው ማን አወረደው? አህያም አውርዷል። ይበልጡን ግን ያወረዱት ሴቶች ናቸው። የአንዲት ሴት ሸክም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነበር፤ ከራሷ ክብደት የሚስተካከል የተሸከመችም አለች። እናቴ ከነሱ አንዷ ነበረች። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ዳገቱን ትወጣለች፤ አንዳንድ ቀን የደን ጠባቂ ገመዷን ቀምቷት ባዶ እጇን ትመለሳለች። በልጅነቴ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። ስትመለስ ብትደክምም ሸክሙን መሬት አታስቀምጥም፤ ግንብ ወይም ድንጋይ ፈልጋ ጀርባዋን አስደግፋ ታርፋለች። «ለምን አታወርጅውም?» ብላት፣ «ልጄ፣ ካወረድኩት ብቻዬን አላነሣውም፤ የሚያሸክመኝ ሰው ያስፈልገኛል» አለችኝ። አሸክሚኝ መባባል በነሱ ዘንድ ሕግ ነበር። አንዷ ሌላዋን ሳታሸክም አልፋ አትሄድም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ዛሬ በዚያ ጋራ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለ። ከእንጨት ለቃሚዎቹም በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን በሽመና የለወጡ አሉ። ፓርኩን ለማየት የምትወጡ ሰዎች ዳገቱ ላይ ሲያልባችሁ፣ በዚያው መንገድ 30 ኪሎ ይዘው የወረዱትን እናቶች አስቡልኝ።

ከእንጨቱ ቀጥሎ ሰው ወደኛ በኩል እንዲሰፍር ያደረገው የውጭ መንግሥታት ግቢ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተገኘው ድል በኋላ ኢትዮጵያን እንደ መንግሥት ሊያነጋግሩ የመጡት መልእክተኞች በከተማው ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ሰፊ ሰፊ ቦታ ተሰጣቸው። እንግሊዙና መስኮቡ ከቀበና ወዲህ፣ ፈረንሳዩ ከተራራው ሥር ተቀመጡ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ግቢ ባለበት አትክልተኛ አለ፣ ፈረስ ጠባቂ አለ፣ ልብስ አጣቢ አለ፤ የነዚህም ጎጆዎች ተደምረው ሰፈር ሆኑ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ጠላት ለጦሩ ብሎ የሠራው የደሴ መንገድ በኮተቤ አልፎ በጣርማ በር በኩል ወደ ሰሜን ተዘረጋ። ጠላት ሄደ፤ መንገዱ ለኛ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ዋና ከተማቸው የተመለሱት ከሰሜን በኩል በዚሁ በእንጦጦ ተራራ አቋርጠው ነው።

አሁን ወደ ወተቱ ልምጣ። ላም በረት የሚለው ስም ራሱ ይናገራል። ሾላም የዛፍ ስም ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ሾላ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ወተት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1939 ዓ.ም. አካባቢ፣ የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 ያህል የፈረንጅ ላሞች ለኢትዮጵያ ሰጠ። በ1952 ዓ.ም. ግድም ደግሞ በዩኒሴፍ ርዳታ ለሙከራ የሚሆን የወተት ፋብሪካ በሾላ ተተከለ። ያን ጊዜ ሾላ የከተማ ዳርቻ ነበረች። ፋብሪካው መጀመሪያ የትላልቅ እርሻዎችን ወተት ተቀበለ፤ ኋላ ግን ከሱሉልታም ከሰንዳፋም በኩል አንድና ሁለት ላም ካለው ገበሬ ሳይቀር እየሰበሰበ፣ እያሞቀ፣ ተሐዋስያኑን እየገደለ ለከተማው ማከፋፈል ያዘ።

ይህ ለኛ ምን ጠቀመ? ብላችሁ እንደሆነ፣ መኪና ነጂ፣ ወተት ቀጂ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ዘበኛ አስፈለገ። ደመወዝ በወር የሚከፈለው ሰው ሰፈራችን ውስጥ በዛ። ወርኃዊ ደመወዝ ያለው ሰው ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ይችላል፤ ዕድር የቆመው ደግሞ በወርኃዊ መዋጮ ነው። ፋብሪካው ኋላ ወደ ግል ይዞታ ቢዛወርም ሾላ ወተት የሚለው ስም ዛሬም በየሱቁ አለ።

ሦስተኛው ብረት ነው። የኮተቤው የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ አካፋ፣ ዶማ፣ መዶሻ ሠርቶ ለአገሩ ገበሬና ግንበኛ አቀረበ። ለአገር ሲሉ ብዙ አትራቁ፤ የዕድራችንን ግምጃ ቤት ክፈቱና ለመቃብር መቆፈሪያ የምናውሳቸውን ዶማና አካፋዎች ተመልከቱ። አሮጌዎቹ የዚያው የኮተቤ ሥራ ናቸው። ስንቱን ወዳጃችንን በነሱ ሸኘን! ከብረቱም ጋራ ፊደል ነበር። ኮተቤ ላይ የቆየው የመምህራን ኮሌጅ፣ ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን ወጣት አስተማሪ አድርጎ መለሰ። ውሃውንም አልዘነጋሁትም፤ የለገዳዲ ግድብ በ1962 ዓ.ም. ሲያልቅ፣ የአዲስ አበባ ሰው የሚጠጣው ውሃ ባብዛኛው በኛ በኩል ወደ ከተማው መግባት ጀመረ። የሚገርመው ግን ቱቦው በሰፈራችን እያለፈ እኛ ለቦኖ ወረፋ እንጠብቅ ነበር።

እንግዲህ እንጨቱን፣ ወተቱንና ብረቱን ይዞ የመጣው ሰው ማን ነው? ከመንዝ፣ ከቡልጋ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ፣ ከሰላሌ፣ ከጋሞ፣ ከየትም ነው። አገሩ ላይ ቢሞት የሚቀብረው ዘመድ ነበረው፤ እዚህ ግን ማንም የለው። ብዙዎቻችን ዕድር ከጥንት ከገጠር ይዘነው የመጣነው ይመስለናል። አጥኚዎች የሚሉት ግን ዕድር የከተማ ልጅ ነው፤ በተለይም በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ተስፋፋ። ይህ በኛ ብቻ የሆነ አይደለም። በ1800ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር በእንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች ሠራተኛው በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጣ የቀብር ማኅበር ነበረው። ትላልቆቹም ማኅበራት በየከተማው ቅርንጫፍ ስለ ነበራቸው፣ አባሉ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሲሄድ እዚያ ያለው ቅርንጫፍ ይቀበለው ነበር።

የኛም ዕድሮች ቀባሪ ብቻ አልነበሩም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ብዙ ዕድሮች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ጠርገዋል፣ ድልድይ አሠርተዋል፣ ውሃ አስገብተዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣና ቀበሌ ሲቋቋም፣ ይህ ሁሉ የቀበሌ ጉዳይ ሆነና ዕድር ወደ ቀብሩ ብቻ ተመለሰ። በ1990ዎቹ ክፉው በሽታ ወጣቱን ሲፈጅ ግን ብዙ ዕድሮች እንደ ገና ወጡ፤ በሽተኛ ጠየቁ፣ ወላጅ ያጣ ሕፃን አስተማሩ። ከፍተኛ የነበረው ክፍለ ከተማ ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ለሚ ኩራ ተመሠረተ። የአስተዳደሩ ስም ስንት ጊዜ ተለወጠ! የዕድሩ ጡሩንባ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳያችን ደረስኩ።

ከተማው እየታደሰ ነው። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር ከአራት ኪሎ በቀበና እስከ መገናኛ ያለው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል። ያማረውን አማረ ማለት ነውር አይደለም። ነገር ግን ከልማቱ በፊትም ሆነ በኋላ ከአባላታችን ብዙዎቹ ቤታቸው ፈርሶ ወይም ዕጣ ወጥቶላቸው ወደ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። ደንባችን ደግሞ «ከሰፈሩ የወጣና ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል» ይላል። ደንቡ የተጻፈው ሰው በራሱ ፈቃድ በሚሄድበት ዘመን ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የዕድሩ ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ፣ አርባ ዓመት ጎረቤታችን የነበሩ ባልና ሚስት ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ባልዬው ታመው ስለ ነበር መዋጮው ተቋረጠ። ሦስት ወሩ ሲሞላ እኔ ማስመሪያዬን አስተካክዬ በቀይ ቀለም ስማቸውን ሰረዝኩ። ደንቡ ነው ብዬ ቅር እንኳ አላለኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው ዐረፉ። ጡሩንባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልሄደም፤ ወንበርም ብረት ድስትም አልወጣም። በአዲሱ ሰፈር ገና ማንም በቅጡ አላወቃቸውም፤ ዕድርም አልገቡ። ወሬው ደርሶን አሥራ አንድ ሰዎች ታክሲ ተኮናትረን ስንሄድ ቀብሩ አልቆ ነበር። ወይዘሮዋ ሲያዩኝ አልተቆጡም። «ወንድሜ፣ አርባ ዓመት ከፍዬ በአንድ መስመር ወጣሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።

እኒያ ሴት በወጣትነታቸው ከእናቴ ጋራ እንጨት የተሸከሙ ናቸው። እናቴን አሸክመዋታል። እኔ ግን ሸክማቸው መሬት ወድቆ ሳይ ደንብ ጠቅሼ አልፌ ሄድኩ።

ዕድርን የመሠረቱት ከአገራቸው ተነሥተው የመጡ ሰዎች ከሆኑ፣ ያ ዕድር ዛሬ ሰው ተነሥቶ ስለ ሄደ ብቻ የሚጥለው እንዴት ነው? ለሄደ ሰው የተሠራ ቤት ለሄደ ሰው በሩን ሊዘጋ አይገባም።

ገንዘብ ያዣችን ያነሡትን ተቃውሞ ሰምቼዋለሁ፤ ተገቢም ነው። ሩቅ አገር ድንኳን ማመላለስ ወጪው ብዙ ነው። ሩቅ ያለው አባልም ለሌላው ለቅሶ መድረስ ስለማይችል፣ ቅርብ ያለው «እኔ ብቻ ልልፋ ወይ?» ይላል። ይህን ችላ ብንል ዕድሩ ራሱ ይፈርሳል። ስለዚህ የሚቻለውን ብቻ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ተነሥቶ የሄደ አባል ልቀጥል ካለ አይሰረዝ፤ መዋጮውንም በባንክ ወይም በስልክ ይላክ። በሕመም ምክንያት ያቋረጠ ሲኖር፣ ከመሰረዙ በፊት ሁለት ሰው ሄዶ ይጠይቀው። እግር ሳይሄድ ቀይ ቀለም አይውጣ።

ሁለተኛ፣ ሩቅ ላለው አባል ድንኳንና ዕቃ እንልካለን ብለን ቃል አንግባ፤ ለዚያ ፈንታ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጥ፣ ከዕድሩም ጥቂት ሰዎች በተራ ተልከው ቀብር ይድረሱ። ሩቅ ያለው ደግሞ ለቅሶ መድረስ ስለማይችል ለዚያ ምትክ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ በዓመት ይጨምር። በዚህ ማንም የማንንም ልፋት አይበላም።

ሦስተኛ፣ አባሎቻችን በሰፈሩባቸው ቦታዎች ካሉ ዕድሮች ጋራ እንነጋገር። አባላችን ወደነሱ ሲገባ ከኛ ጋራ የከፈለበት ዘመን በደብዳቤ ይገለጽለት፤ እንደ አዲስ ሰው ትልቅ መግቢያ እንዳይጠየቅ እንለምንለት። ከሌላ ሰፈር ወደኛ የሚመጣውንም፣ ተከራይ ቢሆን እንኳ፣ እንዲሁ እንቀበል።

አራተኛ፣ የድሮ መዝገቦቻችን ተጠርዘው ይቀመጡ። ቤቱ ሲፈርስ ማን የት ይኖር እንደ ነበር የሚናገረው እነሱ ብቻ ናቸው። ለዚህ ሥራ ደመወዝ አልጠይቅም፤ ዓይኔ እስካየ ድረስ እኔው እሠራዋለሁ።

የየካን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የነገሥታቱን ስም፣ የኤምባሲዎቹን ግቢና የፋብሪካዎቹን ዘመን ይጽፋሉ፤ ደግ ነው። የኛ ድርሻ ደግሞ እንጨቱን ያወረዱትን፣ ወተቱን የቀዱትን፣ ብረቱን የቀጠቀጡትን ሰዎች ስም ከመዝገብ አለመሰረዝ ነው። አባቶች ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለዚህ ነው።

የወይዘሮዋን ስም በአዲሱ መዝገብ ላይ መልሼ ለመጻፍ የናንተን ድምፅ እጠብቃለሁ። ብዕሩን ይዤ መጥቻለሁ።